ስለ መዓዛ ዘይትና ስለ ባልትና

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ሰሜናዊ ክፍል፣ በካሩራ ደን ዳር ጊጊሪ የምትባል ሰፈር አለች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና ጽሕፈት ቤት በዚያ ይገኛል፤ በዙሪያውም ልዩ ልዩ ኤምባሲዎች ሰፍረዋል። ከዓለም ማዕዘን ሁሉ የመጣ ሕዝብ ስለሚኖርባት የሱቆቿ መደርደሪያ እንደ ነዋሪዎቿ ዓይነቱ ብዙ ነው። ከዱቄቱና ከስኳሩ አጠገብ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ብልቃጦች በተርታ ቆመው ይታያሉ፤ አንዱ የብርቱካን፣ አንዱ የሎሚ፣ አንዱ የቫኒላ፣ አንዱ የናና፣ አንዱ የለውዝ መዓዛ የያዘ ነው። ዋጋቸው ቀላል፣ ቁመታቸው ትንሽ፣ ኃይላቸው ግን ትልቅ ነው።

ከጊጊሪና ከአካባቢዋ ነዋሪዎች መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አሉ። በዓል ሲደርስ ድፎውም፣ ሕምባሻውም፣ ፈንዲሻውም ከቤታቸው አይታጣም፤ ልጆቹ ግን በሰፈሩ ካዩት ልማድ የተነሣ ኬኩንም፣ ካራሜላውንም፣ ጀላቶውንም ይጠይቃሉ። እናት ወደ ሱቅ ትሄዳለች፤ ብልቃጡን ታነሣለች፤ የተጻፈበትን ብታየው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ፊደሉም ከጤፍ ቅንጣት አይበልጥም። ሥዕሉን አይታ ብርቱካን መሆኑን ታውቃለች። ስንት እንደሚጨመር ግን ሥዕሉ አይናገርም።

ይህ ችግር የጊጊሪ ብቻ አይደለም። በአስመራም፣ በአዲስ አበባም፣ በዲያስፖራው ዘንድም ያው ነው። ባለሙያ ሴት እጇ ሚዛኗ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ኮረሪማውን ፈልፍላ፣ ቀረፋውን ሰብራ፣ ቅርንፉዱን በጣቷ ቆጥራ ስትጨምር ከእናቷ የወረሰችው ልማድ ይመራታል። በዝቶ ቢገኝ እንኳ ሻዩ ይመርር ይሆናል እንጂ የሚጎዳ ሰው የለም። የብልቃጡ ዘይት ግን በዚህ ሚዛን የሚሰፈር ነገር አይደለም። አንድ ምሳሌ ይበቃል። ደረቅ የቅርንፉድ እንቡጥ ከክብደቱ ከመቶ 15 እስከ 20 የሚሆነው ዘይት ነው። እንግዲያውስ አንዲት የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የቅርንፉድ ዘይት ለማግኘት ወደ 30 ግራም ያህል ቅርንፉድ ይፈጃል ማለት ነው፤ ይህም በፍሬ ቢቆጠር በግምት 300 ይደርሳል። ለአንድ ጀበና ሻይ ሦስትና አራት ፍሬ የምትጨምር ሴት፣ ማንኪያ ሙሉ ዘይት ብትጨምር ምን ያህል እንደምታልፍ ከዚህ ይታወቃል።

የመዓዛ ዘይት አወጣጥ ለአገራችን ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ አረቄ ሲወጣ ያላየ የለምና። ተክሉ ከውኃ ጋር ወይም በእንፋሎት ይፈላል፤ እንፋሎቱ መዓዛውን ይዞ በቱቦ ያልፋል፤ በቀዝቃዛ ቦታ ሲደርስ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ዘይቱም ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል ወይም፣ እንደ ቅርንፉድ ዘይት ከባድ ሲሆን፣ ከሥር ይዘቅጣል። የብርቱካንና የሎሚ ዘይት ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጣጩ በመጨመቅ ይገኛል። ብርቱካን የላጠ ሰው ልጣጩን በሻማ ነበልባል አጠገብ አጥፎ ቢጨምቀው እንደ ብልጭታ የሚቃጠለው ርጭት እርሱ ነው። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማውጣት ከ3000 እስከ 5000 ኪሎ አበባ እንደሚፈጅ ሲሰማ ዋጋው እጅግ ውድ መሆኑ አያስገርምም። ከጊጊሪ ሳይርቅ፣ በዛንዚባር በፔምባ ደሴት፣ የቅርንፉድ ዘይት የሚወጣበት ፋብሪካ አለ። በኢትዮጵያም በወንዶ ገነት የእርሻ ምርምር ማዕከል የመዓዛና የመድኃኒት ዕፅዋት ይጠናሉ፤ ዘይታቸውም ይወጣል። ነገሩ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ ምሥጢር አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ መስተካከል የሚገባው ግን ቃሉ ነው። በጣሊያንኛ ኤሴንሳ፣ ኤስትራቶ፣ አሮማ፣ ኦልዮ ኤሴንሲያሌ የሚባሉት አራት ስሞች አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በእንግሊዝኛም እንዲሁ ይለያያሉ። ወደ አማርኛ ሲመጡ ግን አንዳንዱ ሁሉንም «ዘይት» ይላል፤ አንዳንዱ «ሽታ» ይላል፤ አንዳንዱ «ኤሴንስ» ብሎ ይተወዋል። «ዘይት» የተባለ እንደ ሆነ ሰሚው የሚያስበው የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት ነው፤ ያም ዘይት በጭልፋ የሚጨመር ነው። «ሽታ» የተባለ እንደ ሆነ ደግሞ ከሽቶ ጋር ይደባለቃል፤ ከሽቶ መደባለቁ ደግሞ በኋላ እንደሚታየው ከሁሉ የከፋው ነው።

ልዩነቱ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቁጥር ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት የቫኒላ ጭማቂ የሚባለው ከመቶ 35 ያላነሰ አልኮል የያዘና በአንድ ሊትር ውስጥ ወደ 100 ግራም የሚሆን የቫኒላ ፍሬ ኃይል የወጣበት ነው። የሎሚ ጭማቂ በልማድ ከመቶ 5 ያህል የሎሚ ዘይት በአልኮል ውስጥ የሟሟ ነው። እንግዲህ ንጹሑ የሎሚ ዘይት ከጭማቂው 20 ጊዜ ይበረታል ማለት ነው። ለኬክና ለካራሜላ ሥራ ተብሎ በሌላ ዘይት ቀጥኖ የሚሸጠው ዓይነት ደግሞ ከጭማቂው ሦስትና አራት ጊዜ ብቻ የበረታ ነው። ሦስቱም በአንድ መደርደሪያ፣ በተመሳሳይ ብልቃጥ፣ በአንድ የሎሚ ሥዕል ሥር ይሸጣሉ። መጽሐፍ «አንድ ማንኪያ ጨምሪ» ሲል ስለ የትኛው እንደሚናገር ያላወቀች ባለሙያ ኬኳን አበላሽታ «እጄ ከዳኝ» ትላለች። እጇ አልከዳትም፤ የከዳት ቃሉ ነው።

ስለዚህ ተርጓሚዎችና መምህራን ቢስማሙ ሦስት ስም ይበቃል። ከተክሉ የተነጠረው ንጹሕ ዘይት፣ ቅቤ ሲነጠር እንደሚባለው፣ «ንጥር መዓዛ» ሊባል ይችላል። በአልኮል ወይም በሌላ ፈሳሽ የሟሟው «የመዓዛ ጭማቂ» ይሁን። በኬሚስቶች ጥበብ የተቀመመው «ሰው ሠራሽ መዓዛ» ተብሎ በግልጥ ይጠራ። የተሻለ ቃል ያለው ቢያቀርብ መልካም ነው፤ ሦስቱን በአንድ ስም መጥራት ግን ይብቃ።

የአጠቃቀሙን ነገር የሚያውቁ ጣፋጭ ሠሪዎች የሚከተሉት ሥርዓት ቀላል ነው። በማንኪያ አይሰፍሩም፤ በጠብታ ይቆጥራሉ። በመድኃኒት ቤት ልማድ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል፤ የሻይ ማንኪያ ደግሞ 5 ሚሊ ሊትር ነው። ከብልቃጡ አፍ በቀጥታ ወደ ሊጡ አያፈሱም፤ እጅ ቢንቀጠቀጥ የሚመለስ ነገር የለምና፣ አስቀድመው በማንኪያ ላይ ያንጠባጥባሉ። ናናና ቀረፋ ቅርንፉድም ኃይለኞች ስለ ሆኑ በጣም በጥቂቱ፣ ሎሚና ብርቱካን ትንሽ በርከት ተደርገው ይገባሉ። ቸኮላታ ሲቀልጥ ጥቂት ውኃ ወይም የአልኮል ጭማቂ የገባበት እንደ ሆነ እንደ አሸዋ ይጓጉላል፤ ስለዚህ ለቸኮላታ የሚስማማው ዘይቱ ነው። በአንጻሩ ተመትቶ አረፋ የሆነ የእንቁላል ነጭ ዘይት ከነካው ይወድቃል። ይህን አለማወቅ ብዙ እንቁላል አስጥሏል።

ካራሜላን በተመለከተ ደግሞ የምግብ መጻሕፍት የማይነግሩት አንድ ነገር አለ። መጻሕፍቱ የተጻፉት በባሕር ጠረፍ ወይም በቆላ አገር ላሉ ሰዎች ነው። ምጽዋ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ ከባሕር ወለል 1700 ሜትር ያህል ከፍ በምትለው በናይሮቢ ግን በ94 ዲግሪ ገደማ፣ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ በሚሉት በአስመራና በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የስኳር ሽሮፕም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ «ጠንካራ ካራሜላ እስከ 150 ዲግሪ ይፍላ» ሲል፣ በጊጊሪ ወደ 144፣ በአስመራ ወደ 142 ሲደርስ መነሣት ይገባዋል። ቁጥሩን አምና እስከ 150 የጠበቀች ሴት ስኳሩን ታሳርረዋለች፤ የመረረውን ለመሸፈንም ከብልቃጡ ትጨምራለች፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ነገር በአፍ የሚያዝ አይሆንም። ከዚህም ሌላ ዘይቱ ድስቱ ከእሳት ላይ ከወረደና መፍላቱ ከቆመ በኋላ እንጂ ገና ሲፈላ መግባት የለበትም፤ ቢገባ መዓዛው በእንፋሎት ጠፍቶ ወጥ ቤቱን ሲያውደው ካራሜላው ባዶውን ይቀራል። ሲጨመርም እንፋሎቱ በኃይል ስለሚነሣ ፊትን ከድስቱ ላይ ማራቅ ያስፈልጋል፤ የቀረፋና የናና እንፋሎት ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል።

ይህን ጉዳይ ቀላል ነው የሚል ቢኖር በአሜሪካ የሆነውን ይስማ። በ2000 ዓመት በሚዙሪ ግዛት በአንድ የፈንዲሻ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ስምንት ሰዎች በማይድን የሳንባ በሽታ ተይዘው ተገኙ። መንሥኤው ሲመረመር ለፈንዲሻው የቅቤ ጣዕም እንዲሰጥ የሚጨመረው ዲያሴቲል የሚባለው ነገር ሲሞቅ የሚያወጣው እንፋሎት ሆኖ ተገኘ። ፈንዲሻውን የበሉት አልነበሩም የታመሙት፤ የቀመሙትና እንፋሎቱን በየቀኑ የሳቡት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጠጥን በሚመለከት የዘይትና የውኃ ጠብ የታወቀ ነው። በአስመራ ዝቢብ የሚባለውን የአኒስ አረቄ የቀመሰ ሁሉ የነገሩን ፍልስፍና በብርጭቆው ውስጥ አይቶታል። አረቄው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ውኃ ሲጨመርበት እንደ ወተት ይነጣል። የአኒስ ዘይት በአልኮል ይሟሟል፤ በውኃ ግን አይሟሟም፤ አልኮሉ በውኃ ሲቀጥን ዘይቱ ዓይን በማያያት ጠብታ ተበታትኖ ይወጣል፤ ንጣቱም ከዚህ የተነሣ ነው። ጥቂት የብርቱካን ዘይት በአንድ ጆግ ውኃና ስኳር ውስጥ የምትጨምር እናት ግን አልኮል ስለሌላት ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ መጀመሪያ የሚቀዳለት ልጅ ጉሮሮውን ይቃጠላል፤ መጨረሻ የሚቀዳለት ስኳር ውኃ ይጠጣል። የቀድሞ ሰዎች መፍትሔ ደረቁን ስኳር በሎሚው ልጣጭ ላይ ማሸት ነበረ፤ ስኳሩ ዘይቱን ይጠጣዋል፤ ከዚያም በውኃ ይበጠበጣል። ዛሬም ከዚህ የተሻለ የቤት ዘዴ የለም።

የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች ግን ይህን ችግር ያቃለሉት በእኛው ቆላ በሚበቅል ዛፍ ነው። የግራር ሙጫ ከዘይቱ ጋር ሲመታ ጠብታዎቹን ከብቦ እንዳይሰበሰቡና እንዳይንሳፈፉ ያደርጋቸዋል። ይህ ሙጫ ከማንኛውም አገር ይልቅ በሱዳን ይገኛል፤ በጋሽና በባርካ፣ በቦረና፣ በሰሜን ኬንያም ይለቀማል። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የንግድ እገዳ ስትጥል የግራር ሙጫን ብቻ ከእገዳው ውጭ ማድረጓ ይታወሳል፤ ፖለቲካው የቱንም ያህል ቢጠነክር መጠጡ ግን መጠጣት ነበረበት። ብርቱካን ዘይት በመጠጥ ውስጥ እንዲረጋ ሲባል ይጨመር የነበረው ብሮሚን ያለበት የአትክልት ዘይት ደግሞ ለጤና የማይበጅ ሆኖ ስለ ተገኘ በ2024 በአሜሪካ ከምግብ እንዲወጣ ተደርጓል። ጥንት በእረኛ እጅ የሚለቀመው ሙጫ ቦታውን ይዞ ቀርቷል። እረኛው ለለቀመው የሚያገኘው ዋጋ ግን በጠርሙሱ ላይ ከሚጻፈው ዋጋ ጋር አይተዋወቅም።

አሁን ወደ ሕፃናቱ እንመለስ፤ የነገሩ ክብደት በዚያ ነውና። ብልቃጡ ጣፋጭ ይሸታል፤ ሥዕሉ ፍሬ ነው፤ መጠኑ ለትንሽ እጅ የተሠራ ይመስላል። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር የቅርንፉድ ዘይት የጠጡ ሕፃናት ጉበታቸው ክፉኛ እንደ ተጎዳ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ዊንተርግሪን የሚባለው ዘይት ለማስቲካና ለካራሜላ መዓዛ ይሆናል፤ ለወገብና ለጉልበት ማሻም ይገባል። ከዚህ ዘይት አንዲት የሻይ ማንኪያ ከ20 በላይ የአዋቂ አስፕሪን ክኒን ጋር የሚስተካከል መርዝነት አላት፤ ይህም ሕፃንን ለመግደል ይበቃል። ብዙ ቤት ለጉንፋን የሚታጠነው የባሕር ዛፍ ዘይትም በሕፃን ሆድ ሲገባ ያንቀጠቅጣል፤ ራስንም ያስታል። ታዲያ እነዚህ ሁሉ ከስኳር ጣሳው አጠገብ፣ ሕፃን በሚደርስበት መደርደሪያ ሲቀመጡ ይታያል። ቦታቸው መድኃኒት የሚቀመጥበት ቁልፍ ያለው ሳጥን ነው። ብልቃጡም መስተዋት እንጂ ላስቲክ አይሁን፤ በተለይ የብርቱካንና የሎሚ ዘይት አንዳንዱን ላስቲክ እየበላ ያቀልጠዋል።

ሽቶ ሻጭ ዘንድ የሚገኘው ዘይት ለምግብ አይሆንም። በእርሱ ላይ «ንጹሕ» ተብሎ መጻፉ ለምግብ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ያወጡበትም ያቀጠኑበትም ፈሳሽ ለቆዳ ታስቦ ሊሆን ይችላል። ዋጋው ረከሰ ብሎ ከዚያ የሚገዛ ጣፋጭ ነጋዴ ቢኖር በራሱ ልጆች ፊት ያንኑ ኬክ ይቁረስ።

እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ አሳብ መነቀፍ አለበት፤ ይኸውም «የተፈጥሮ የሆነው ሁሉ ደኅና፣ ሰው የሠራው ሁሉ መርዝ ነው» የሚለው ነው። ሳሳፍራስ ከሚባለው ዛፍ ሥር የሚወጣው ዘይት ፍጹም የተፈጥሮ ነው፤ ሆኖም በውስጡ ያለው ሳፍሮል የጉበት ነቀርሳ ሊያመጣ እንደሚችል በእንስሳት ላይ ስለ ታየ በ1960 በአሜሪካ ከምግብ ተከልክሏል። የመራራ ለውዝ ዘይትም የተፈጥሮ ነው፤ ነገር ግን ሲወጣ ከብርቱ መርዝ ጋር ስለሚወጣ ያ መርዝ ካልተወገደለት ለምግብ አይሰጥም። በአንጻሩ የቫኒላ መዓዛ ዋና ነገር የሆነውን ቫኒሊን ቲማንና ሃርማን የተባሉ የጀርመን ኬሚስቶች በ1874 ከጥድ ዛፍ ከተገኘ ነገር ቀመሙት፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም በልክ ሲበላው ኖሯል፤ የተጎዳም አልታየም። እንዲያውም ድኻው ቫኒላን ያወቀው በዚህ ነው። እውነተኛው ቫኒላ አበባው አንድ በአንድ በሰው እጅ መዳቀል አለበት፤ ይህንንም ዘዴ በ1841 በሬዩኒየን ደሴት ያገኘው ኤድሞን አልቢዩስ የሚባል የ12 ዓመት ባሪያ ልጅ ነበር። በ2017 ማዳጋስካርን ዐውሎ ነፋስ ከመታ በኋላ የአንድ ኪሎ ቫኒላ ዋጋ ወደ 600 ዶላር ደርሶ ነበር። በዚያ ዋጋ ለልጅ ልደት ኬክ የሚጋግር የለም።

እንግዲህ ሰው ሠራሹን መዓዛ መክሰስ ተገቢ አይደለም። የሚከሰሰው ሰው ሠራሹን እንደ ፍሬ አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። የብርቱካን ሥዕል ያለበት፣ የብርቱካን መልክ ያለው፣ ብርቱካን የሚሸት መጠጥ በውስጡ አንዲት የብርቱካን ጠብታ ላይኖርበት ይችላል፤ እናትም ለታመመ ልጇ ፍሬ ያጠጣች ይመስላታል። በኤውሮፓ ኅብረት በ2008 የወጣው ደንብ አንድ መዓዛ «የተፈጥሮ የሎሚ መዓዛ» እንዲባል ከመቶ 95 ያላነሰው ከሎሚው መውጣት አለበት ይላል። ቁጥሩ ግልጥ ነው፤ ወደ ማንኛውም ቋንቋ ሲተረጎም አይጣመምም። እንዲህ ያለ ደንብ በምሥራቅ አፍሪካ ገበያ ሁሉ ቢጸና የሚጎዳው አታላዩ ብቻ ነው።

የዓለም የእርሻና የጤና ድርጅቶች በኅብረት ያቋቋሙት፣ በ1963 ሮማ ላይ የመጀመሪያ ጉባኤውን ያደረገው የኮዴክስ አሊሜንታሪየስ ኮሚሲዮን በዚህ ነገር ብዙ ሠርቷል። በ1985 ያወጣው የታሸገ ምግብ ጽሑፍ ደንብ፣ በዕቃው ላይ ያለው ቋንቋ ገዢው የማይቀበለው ሲሆን በሚፈለገው ቋንቋ የተጻፈ ተጨማሪ ወረቀት ሊለጠፍ እንደሚችል ይፈቅዳል። በ2008 ደግሞ ስለ መዓዛ አጠቃቀም መመሪያ አውጥቷል። በየካቲት 2019 በአዲስ አበባ ስለ ምግብ ደኅንነት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተሰብስቦ ብዙ መልካም ቃል ተነግሯል። ደንቡ አለ፤ ጉባኤውም ነበረ፤ ብልቃጡ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ግን ገና ነው። አስመጪው «ፋብሪካው ይጻፍ» ይላል፤ ፋብሪካው «አስመጪው ይለጥፍ» ይላል፤ በመካከል እናት በሥዕል ትገዛለች።

ስለ ጊጊሪ ሲነሣ አንድ ሌላ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ግንቦት 22 ቀን 1992 የልዩ ልዩ መንግሥታት መልእክተኞች በናይሮቢ ተሰብስበው፣ ግብጻዊው ሙስጠፋ ቶልባ የአካባቢ ጥበቃውን ፕሮግራም ሲመሩ በነበሩበት ጊዜ፣ የብዝኃ ሕይወትን ስምምነት ጽሑፍ አጸደቁ። ስምምነቱ እያንዳንዱ አገር በምድሩ በሚበቅለው ተክል ላይ ባለመብት መሆኑንና ሌላው ሲጠቀምበት ጥቅሙ መካፈል እንዳለበት አወቀ። ይህ ከመዓዛ ዘይት ጋር ምን ያገናኘዋል ቢባል፣ መልሱ ኮረሪማ ነው። ኮረሪማ ጥንተ አገሩ የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን ነው፤ ከፋና ጅማ፣ ጋሞና ጎፋ ያውቁታል። ዘይቱ ከሄል ዘይት ጋር ቢዛመድም የራሱ የሆነ ልዝብ ጠባይ አለው፤ ለቸኮላታ፣ ለጀላቶ፣ ለቡና ሽሮፕ ቢሞከር የሚያሳፍር አይደለም። ነገ አንድ የውጭ ፋብሪካ በብልቃጥ አሽጎ ለጊጊሪ ሱቅ ቢያቀርበው፣ የከፋ ገበሬ ድርሻው ምን ይሆናል?

የጤፍ ታሪክ ለዚህ ማስጠንቀቂያ ነው። በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የጥቅም መካፈል ውል ተፈረመ፤ ኩባንያው ግን ስለ ጤፍ ዱቄት አሠራር በስሙ የፈጠራ መብት ይዞ ተገኘ፤ ኢትዮጵያም ከውሉ ያገኘችው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት ያንን መብት በሆላንድ የሻረው በ2018 መጨረሻ ነው፤ 13 ዓመት ማለት ነው። ከአፍሪካ ወገን ስለ ተክል መብት አጥብቀው የተከራከሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በ2023 አርፈዋል። የኮረሪማን ጉዳይ አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ከእርሳቸው በኋላ መፈለጉ አይቀርም፤ እርሱም ከኬሚስቶች ጋር የሚነጋገር፣ ማውጫውንም በደኑ አጠገብ የሚያስተክል ቢሆን ይመረጣል።

ለጊዜው ግን የሚቻለው ትንሹ ሥራ ወረቀቱ ነው። በወረቀቱ ላይ ስለ አልኮል መጻፉም መረሳት የለበትም። የቫኒላ ጭማቂ ከሢሶው በላይ አልኮል መሆኑን የማያውቅ እስላም ቤተ ሰብ ሳያውቀው በኬክ ይበላዋል፤ አንዱ ግድ የለውም ይሆናል፤ ሌላው ግን ቢነገረው በዘይት ወይም በግሊሰሪን የተዘጋጀውን ይመርጥ ነበር። ለጾመኛም ክርስቲያን እንዲሁ፣ ቅቤና እንቁላል በሌለበት የጾም ኬክ ጣዕሙ ሁሉ ከብልቃጡ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ «የቅቤ መዓዛ» የሚለው ከቅቤ የወጣ ይሁን ወይም የተቀመመ፣ የማወቅ መብት አለው።

በአማርኛም በትግርኛም፣ በሶማልኛም በኦሮምኛም፣ በስዋሂሊም ለየገዢው የሚለጠፈው ጽሑፍ ከዚህ ሊያጥር ወይም ሊረዝም ይችላል፤ ይዘቱ ግን እንደዚህ ቢሆን ይበቃል፦

«ንጥር መዓዛ ለምግብ። ከብርቱካን ልጣጭ የተጨመቀ። አልኮል የለበትም። ለአንድ ኪሎ ሊጥ ከዚህ ጠብታ፣ ለአንድ ሊትር መጠጥ ከዚህ ጠብታ አይበልጥም። ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመር። ሳይቀጥን አይቀመስ። ሕፃናት በማይደርሱበት ይቀመጥ። ሕፃን የጠጣው እንደ ሆነ እንዲያስመልስ ሳያስገድዱ ከነብልቃጡ ወደ ሐኪም ይወሰድ።»

የጠብታውን ቁጥር ፋብሪካው ይሙላ፤ የሚያውቀው እርሱ ነውና። ቀሪው ጽሑፍ በሁለት ጣት ወርድ ወረቀት ላይ፣ ያለ መነጽር በሚነበብ ፊደል ይሰፍራል። ብልቃጡ ለዚህ ቢጠብ በክር የሚንጠለጠል ካርቶን ይታሰርለት።